ክዳን ያጣ ናፍጣ

በደሴና በኩታበር መካከል በቅጥቅጥ የሚመላለስ ሰው ልብሱ ናፍጣ ናፍጣ ቢላችሁ የጋራዥ ሠራተኛ እንዳይመስላችሁ። ተሳፋሪ ነው። ሒሳቡን ከፍሎ፣ ከታንከሩ በላይ ያለው ወንበር ደርሶት፣ መንገዱን ሙሉ ሲታጠን የመጣ ምስኪን ነው።

ቅጥቅጥ እንዴት እንደሚሠራ መቼም ታውቃላችሁ። የአይሱዙ ጭነት መኪና ሻንሲና ሞተር ይመጣል፤ አካሉን እዚሁ አገር ላሜራ ቀጥቅጠውና በይደው ይሠሩለታል። ለመጋረጃው ቀለም ይመረጣል፣ ለመስታወቱ ጥቅስ ይመረጣል፣ ለሙዚቃው ድምፅ ማጉያ ይመረጣል። የነዳጅ ክዳኑ ጋ ሲደረስ ሁሉም ይደክመዋል። «የተገኘው ይደረግበት!» ድስት እንኳ ግጣም አለው እኮ!

ጣጣው የሚጀምረው ከታንከሩ አፍ ነው። የጭነት መኪና ሳለ አፉ ከሻንሲው ጎን ለማንም ክፍት ነበር። አካል ሲለብስ ከውስጥ ይቀራል፤ ስለዚህ በጎማ ቱቦ ይቀጠልና ላሜራው ተቆርጦ ወደ ውጭ ይወጣል። ቱቦው ከታጠፈ ናፍጣው ሲገባ አየሩ መውጫ ያጣል፤ ማደያ ላይ መልሶ ይተፋዋል። ቀጂው ያጉረመርማል፣ ከኋላ የተሰለፈው ጥሩምባውን ይነፋል። እኛ ውስጥ ቁጭ።

ክዳን ሲገዛ የሚታየው ጥርሱ መግጠሙ ብቻ ነው። መተንፈሱን ማን ያስባል? ናፍጣው በጎደለ ቁጥር በቦታው አየር መግባት አለበት። መተንፈሻው በሌላ ቀጭን ቱቦ ለሆነ ታንከር ድፍን ክዳን ይበቃዋል። መተንፈሻው ክዳኑ ላይ በሆነ ታንከር ድፍኑን የገጠሙበት እንደሆነ ግን ሞተሩ ናፍጣ መሳብ ያቅተውና ዳገት መሐል ቀጥ ይላል። ረዳቱ ወርዶ ክዳኑን ሲፈታው ፍስስ ይላል፤ መኪናው ይነሳል። እስከሚቀጥለው ዳገት።

መፍትሔው ደግሞ ከበሽታው ይብሳል፤ ክዳኑን በምስማር መብሳት ነው። በዚያች ቀዳዳ ሐምሌና ነሐሴ ዝናብ፣ በጋ አቧራ ይገባል። ውሃና ቆሻሻው ፖምፓና ኖዝል ሲጨርስ ባለንብረቱ ፈጣሪን ያማርራል እንጂ ምስማሩን አያነሳም።

ክዳኑን ማደያ ጥሎት የመጣውማ ፌስታልና ጨርቅ ይጠቀጥቅበታል። ከኮምቦልቻ፣ ከ1,850 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነስቶ፣ በሐረጎ ዳገት 2,500 ሜትር አካባቢ ወዳለችው ደሴ ሲወጣ የውጭው አየር ግፊት ይቀንሳል፤ ታንከሩ ውስጥ የታመቀው አየር ሽታውን ይዞ በጨርቁ በኩል ይወጣል። ከሞተሩ የሚመለሰው ትርፍ ናፍጣም ሞቅ ብሎ ስለሚመጣ ይብስበታል። ኩርባ ላይ የፈሰሰው አስፋልቱን ያሟልጨዋል፤ የዚያን ዕዳ ከኋላ የሚመጣው ሞተረኛ ይክፈል።

ቁልፍ ያለው ክዳንም አለ። ሌሊት ናፍጣ የሚቀዳ ሌባ ስላለ አይፈረድም። ቁልፉ ባለንብረቱ ኪስ ነው፤ ባለንብረቱ ደሴ፣ መኪናው ኩታበር!

በ2016 ዓ.ም. ኤሌክትሪክ ያልሆነ የቤት መኪና ወደ አገር እንዳይገባ ሲከለከል ከናፍጣ የተገላገልን የመሰለው ነበር። የቤት መኪና ላለው ይሁንለት። እኛን የሚጭነን ያው ቅጥቅጡ ነው።

ለማን አቤት ይባላል? ሹፌሩ ወደ ባለንብረቱ፣ ባለንብረቱ ወደ ጋራዡ፣ ጋራዡ ወደ መለዋወጫ ሻጩ ይመራችኋል፤ ሻጩ «ኦሪጅናሉ ውድ ነው» ይላል። ለረዳቱ ቢነግሩት «አብሽሩ፣ መስኮት ክፈቱ» ነው መልሱ። መስኮቱ ሲከፈት ከፊት ያሉት እማማ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ሳብ አድርገው «ኧረ ልጄ፣ ንፋስ መታኝ፣ ዝጋው» ይላሉ። ይዘጋል። በዚህ መኪና ላይ በወጉ የሚዘጋው እሱ ብቻ ነው።