ጠብቅ ወይስ ዝጋ?

መጀመሪያ ማውዙ ይከብዳል። ቀጥሎ ገጹ ወደ ላይም ወደ ታችም አልሄድ ይላል። ከዚያ መስኮቱ በሙሉ ነጣ ይልና ከላይ ከስሙ ጎን «ምላሽ አይሰጥም» የሚል የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ይለጠፍበታል። ባለኮምፒውተሩ በዚህ ጊዜ ምን እንደሚያደርግ ለአንባቢ መንገር አያስፈልግም፤ ማንም የሚያደርገውን ነው። አንዴ ተጭኖት ያልሰማውን ደጋግሞ ይጫነዋል። ካልሰማው ደግሞ ጠንከር አድርጎ ይጫነዋል።

ያነብ የነበረው ስለ ቡና ዋጋ ነው። ቡና ነጋዴ አይደለም፤ ቡና የሚልክ ዘመድም የለውም። ግን ዜናው ዋጋው ስንት እንደገባ ሊናገር አንድ መስመር ሲቀረው ነው ብሮውዘሩ ስታክ ያደረገው። ሰው ለማያገባው ነገር እንኳ ቢሆን እንዲህ ሲደረግበት እልህ ይይዘዋል።

ኮምፒውተር ሲታመም ጠያቂ አያጣም። ሚስቱ ከጓዳ ሆና «ዋይፋዩን አጥፍተህ አብራው» አለች። አማቱ ሲፒዩው ላይ እጃቸውን አሳርፈው «ምነው እንዲህ ተቃጠለ?» አሉ። የጎረቤት ልጅ ተጠራ። ልጁ ዩኒቨርሲቲ የሚማረው አካውንቲንግ ነው፤ ሰፈሩ ግን የኮምፒውተር ሐኪም ብሎ ከሾመው ቆይቷል። ቁጭ አለ፣ ማውዙን ሁለቴ ወዘወዘ፣ ፍርዱንም ሰጠ። «ጋሼ፣ ይሄ ፎርማት ነው የሚያስፈልገው።»

ፎርማት! በዚህ አገር ቫይረስ ቢገባ ፎርማት፣ ድምፅ ቢጠፋ ፎርማት፣ ፕሪንተር ቢያኮርፍ ፎርማት ነው። የሠርጉ ፎቶ ይጠፋል፣ የአማርኛ መጻፊያው ይጠፋል፣ ባለቤቱ ግን «አሁንማ እንደ አዲስ ሆነ» ብሎ ያመሰግናል። ከዚያ ብሮውዘሩ ላይ በአካውንቱ ሲገባ ድሮ የተጫኑት ኤክስቴንሽኖች ሁሉ ዱካውን ተከትለው ተሰልፈው ይመለሳሉ፤ ሲንክ የሚባለው ነገር ሥራው ይኸው ነውና። በሳምንቱ ልጁ እንደገና ይጠራል።

የሚስቲቱ ምክር ቢያንስ በቀላሉ ሊፈተን ይችላል። ኔትወርክ ሲጠፋ ገጹ አይመጣም እንጂ ብሮውዘሩ ይንቀሳቀሳል፤ ሌላ ታብ ይከፈታል፣ ሜኑው ይወርዳል። መስኮቱ ራሱ አልነቃነቅ ካለ ግን ዋይፋዩን ቢያጠፉትም ቢያበሩትም በነገሩ የለበትም። ባለኮምፒውተሩ ይህን ጮክ ብሎ ሊያስረዳ ፈልጎ ነበር፤ ከጓዳ በኩል የሚሰማው የድስት ድምፅ ግን ለክርክር የሚጋብዝ አልነበረም።

መስኮቱ የሚነጣበት ምክንያት ደግሞ የራሱ ታሪክ አለው። ዊንዶውስ የማውዝና የኪቦርድ መልእክቶችን ለየፕሮግራሙ ያደርሳል፤ ፕሮግራሙ እየመጣ ይወስዳል። አንዱ ፕሮግራም ለ5 ሰከንድ መልእክቱን ሳይወስድ ከቀረ ዊንዶውስ «ይሄስ ቀርቷል» ብሎ የመስኮቱን ምስል ያነሣና በላዩ ላይ ይደርብበታል። ምትኩን መጎተት፣ ማሳነስና መዝጋት ይቻላል፤ ሌላ ምንም አይሰማም። ስለዚህ ባለኮምፒውተሩ እየደበደበ የቆየው ብሮውዘሩን ሳይሆን ጥላውን ነው።

አምስት ሰከንድ! ተስፋ ለመቁረጥ 5 ሰከንድ የሚበቃው ፍጡር የት አገር ቢያድግ ነው? ፈረንጆቹ ግን ስለ መጠበቅ በደንብ አስበውበታል። በ1984 በፈረንጅ አቆጣጠር (ከዚህ በታች ያሉትም ቀኖችና ዓመቶች እንዲሁ ናቸው) የወጣው የመጀመሪያው ማኪንቶሽ «ጠብቁ» ለማለት ቀስቱን ወደ ትንሽ የእጅ ሰዓት ይለውጥ ነበር። ዊንዶውስ ለብዙ ዘመን የአሸዋ ሰዓት ሲያገላብጥ ኖሮ በ2007 ከቪስታ ጋር በሰማያዊ ቀለበት ተካው። አሸዋ ቢያንስ ያልቃል። ቀለበት ግን መጀመሪያም መጨረሻም የለው፤ ይህን የመረጠው ሰው ምን አስቦ እንደሆነ እንጃ። በ1985 ደግሞ ብራድ ማየርስ የተባለ ተመራማሪ፣ ያኔ ቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያለ፣ ሥራው ስንት በመቶ እንደደረሰ የሚያሳይ መስመር ሰዎች ምን ያህል እንደሚወዱ አጥንቶ ጽፏል። ያኮብ ኒልሰን የተባለ ሌላ ተመራማሪ ደግሞ በ1993 መጽሐፉ ላይ ልኩን በቁጥር አስቀመጠው፦ በአንድ ሰከንድ አንድ አሥረኛ የመጣ መልስ ወዲያው እንደመጣ ይቆጠራል፤ እስከ 1 ሰከንድ ድረስ የሰው ሐሳብ አይቆረጥም፤ 10 ሰከንድ ካለፈ ግን ሐሳቡ ወደ ሌላ ነገር ይሄዳል።

ኒልሰን ባንክ ቤት ተሰልፎ «ሲስተም የለም» ተብሎ ቢያውቅ ቁጥሩን ያሻሽለው ነበር። እዚያ ቀለበት የለ፣ አሸዋ የለ፣ በመቶኛ የለ። ከመስኮቱ በስተጀርባ ያለችው ልጅ ስልኳን ታያለች፤ ደንበኛው ጣሪያውን ያያል። መቼ እንደሚመጣ መጠየቅ እንደ ነውር ይቆጠራል፤ የጠየቀም «ይመጣል» ከሚል በቀር መልስ አያገኝም። በመቶኛ የሚናገር ሰው ካስፈለገ ታክሲ ተራ መሄድ ነው። ረዳቱ «አንድ ሰው! አንድ ሰው የቀረው!» እያለ ይጣራል፤ ሲገቡ ግማሹ ወንበር ባዶ ነው። ማየርስ ያጠናው መስመር በአገራችን ታክሲ ላይ ሲሠራ እንዲህ ነው፤ ሁልጊዜ 99 በመቶ ላይ ይቆማል፤ ተሳፋሪው ግን ውሸቱን እያወቀም ይገባል፣ ቁጭ ብሎም ይጠብቃል። ምናልባት ባንኮቹም አንድ ረዳት ቢቀጥሩ...

ወደ ብሮውዘሩ እንመለስ ቢባል እሱ አሁንም እንደቆመ ነው። እንዲያውም አዲስ ጥያቄ ይዞ መጥቷል፤ ገጹ ምላሽ አልሰጠምና ትጠብቃለህ ወይስ ትዘጋዋለህ? ባለኮምፒውተሩ ጨዋ ሰው ነውና «ጠብቅ» የሚለውን ይጫናል። ይህ ቁልፍ ምን ይሠራል? ጥያቄውን ከፊቱ ያነሣለታል፤ ሰዓቱን እንደገና መቁጠር ይጀምራል። ከዚያ ወዲያ ለገጹ የሚያደርግለት እርዳታ የለም።

ገጹን የያዘው ምንድን ነው? ብዙ ጊዜ ጃቫስክሪፕት ነው። ብሬንዳን አይክ የተባለ የኔትስኬፕ ሠራተኛ በግንቦት 1995 የመጀመሪያ ቅርጹን በ10 ቀን ሠርቶ ያደረሰው ቋንቋ ነው። ገጹ ላይ ስክሪፕቱም፣ የጽሑፉ አደራደርም፣ የአንባቢው ጠቅታም በአንድ ሰልፍ ነው የሚስተናገዱት። ከፊት ያለው ስክሪፕት ሒሳቡን ሳይጨርስ ከኋላው ያለው አይንቀሳቀስም። ጠቅታው አልጠፋም፤ ተራ እየጠበቀ ነው።

እንግዲህ ከፊቱ ማን እንደቆመ ማየት ነው፤ ነገሩ የሚያናድደውም እዚህ ላይ ነው። ዩኒኮድ በድረ ገጽ ላይ ሲጻፍ አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይወስዳል። አንድ የመጽሐፍ ገጽ 2000 ፊደል ቢይዝ 6 ኪሎባይት መሆኑ ነው፤ የቡናው ዜና ከዚያ አይበልጥም። የድረ ገጾችን ክብደት የሚመዘግበው ኤችቲቲፒ አርካይቭ እንደሚያሳየው ግን የዛሬው መካከለኛ ገጽ ከ2 ሜጋባይት በላይ ነው፤ በድሮው ፍሎፒ ዲስክ፣ ባለ 1.44 ሜጋባይቱ፣ አይገባም። በፊደል ቢመነዘር ከ300 ገጽ በላይ የሆነ ልብ ወለድ ነው! የቀረው ምንድን ነው? ሳይጠሩት የሚጮህ ቪዲዮ፣ አንባቢው የት ገባ የት ወጣ እያለ የሚከታተል ስክሪፕት፣ በባሕር ዳርቻ የተሠራ የዱባይ አፓርታማ ማስታወቂያ። ይህን ሁሉ ጭነት ያዘዘው አንባቢው አይደለም። የከፈለበት ግን እሱ ነው፤ ካርድ ሞልቶ፣ ፓኬጅ ገዝቶ፣ በሜጋባይት ተቆጥሮበት። ገጽ ሠሪዎቹ ማሽኑን ያቆሙበት በገዛ ገንዘቡ ነው። ከዚያም ተመልሰው «ኮምፒውተርህ አርጅቷል» ይሉታል! አንድ ገጽ ጽሑፍ ለማንበብ አዲስ ኮምፒውተር የሚያስፈልግ ከሆነ ያረጀው ኮምፒውተሩ ነው ወይስ ይሉኝታቸው?

ደግነቱ ቁጣ ለረጅም ጊዜ አይመችም፤ ቡናው ሲፈላም ጨርሶ አይሆንም። ለብሮውዘር ሠሪዎችም ፍርድ እንዳይጎድል መባል ያለበት አለ። ድሮ አንድ ገጽ ሲወድቅ ሌሎቹንም ጎትቶ ይወድቅ ነበር። ክሮም በመስከረም 2008 ሲወጣ ታቦቹን በተለያየ ፕሮሰስ ከፋፈላቸውና አንዱ ቢሞት ሌሎቹ እንዲተርፉ አደረገ፤ ይህንንም ለሕዝብ ያስረዳው ስኮት ማክላውድ በሣለው የካርቱን መጽሐፍ ነው። ፋየርፎክስም በ2016 ወደዚሁ መንገድ ገባ። ዋጋው ግን ራም ነው፤ እያንዳንዱ ለብቻው ጎጆ ሲወጣ እያንዳንዱ ለብቻው ይበላል። ባለ 4 ጊጋባይት ማሽን ላይ ደግሞ ከዓመት በፊት «በኋላ አነበዋለሁ» ተብለው የተከፈቱ ታቦች ዛሬም ቀለብ ይሰፈርላቸዋል።

ልጁ ከፎርማቱ በፊት አንድ ነገር ይሞከር ተብሎ ሲለመን ክሮም ላይ ሺፍትና ኤስኬፕን አንድ ላይ ተጫነ። የውስጥ ተግባራት ዝርዝር ወጣ፤ ማን ስንት ሜሞሪ እንደበላ በስም በስሙ። ከሁሉ በላይ የተቀመጠው «ኢንተርኔት ያፈጥናል» የሚል ኤክስቴንሽን ነበር። እኔ ነኝ የጫንኩት ብሎ የሚያምን ቤቱ ውስጥ አልተገኘም። ተነቀለ። ቀጥሎ ሃርድዌር አክስለሬሽን የሚባለው ተዘጋ፤ ያረጀ የግራፊክስ ድራይቨር ያለበት ማሽን ላይ አንዳንዴ ይረዳል። ለዚያን ምሽት ረዳ። በማግስቱ ግን ብሮውዘሩ እንደገና ነጣ።

«ዊንዶውሱ ሰባት ነዋ ጋሼ» አለ ልጁ። እውነቱን ነው፤ ማይክሮሶፍት ዊንዶውስ 7ን ከጥር 14 ቀን 2020 ወዲህ ትቶታል፤ ክሮምም ከየካቲት 2023 ጀምሮ በ109ኛው እትም ላይ ተሰናብቶታል። «ስለዚህ ምን ይሻላል?» «ራም ጨምሮ፣ ሃርድ ዲስኩን በኤስኤስዲ ቀይሮ፣ ከዚያ...» «ከዚያ?» «ከዚያ ፎርማት።»

አማቱ እስከዚህ ድረስ ዝም ብለው ሲያዳምጡ ቆይተው «አንተ ልጄ፣ ይህን ሁሉ ከምትለፋ በስልክህ ለምን አታየውም?» አሉ። ማንም መልስ አልነበረውም። ስልኩ ተፈለገ፤ ተገኘ፤ ባትሪው አልቋል። ቻርጀር ተፈለገ። ቤቱ ውስጥ ሦስት ጥቁር ቻርጀሮች አሉ፤ በደንብ የሚሞላው አንዱ ብቻ ነው፤ እሱም ትናንት ማታ ዲቫይደሩ ላይ ነበር። ሚስቱ ዲቫይደሩን የነቀልኩት ለምጣዱ ነው እንጂ ቻርጀሩን አላየሁም አለች። ልጁ ኪሱን ዳሰስ አደረገና የእሱ ቻርጀር የሌላ ዓይነት መሆኑን አስረዳ። አማቱ በእሳቸው ጊዜ አንድ ኩራዝ ለቤቱ ሁሉ ይበቃ እንደነበር ጀመሩ፤ ጋዙ ስንት ይሸጥ እንደነበር ግን ከሚስቱ ጋር አልተስማሙም።