ሠርገኛ ጠጉር

ሽበት በጆሮ ግንዴ በኩል መግባት በጀመረበት ዘመን፥ እኩዮቼ የሆኑት ሴቶች ሁሉ በአንድ ቃል የመከሩኝ ምክር በጥቁር ቀለም እንድሸፍነው ነበር፤ እኔም ምክሩን በአክብሮት ተቀብዬ ብዙ ጊዜ ኖርኩበት። ይሁን እንጂ ጥቁር ቀለም ለባለ ሽበት ራስ የሚሰጠው ሰላም እጅግ አጭር መሆኑን የቀመሰው ያውቀዋል፤ ጠጉር በወር አንድ ሣንቲ ሜትር ያህል የሚያድግ ነውና፥ ከተቀባ ሁለተኛው ሱባኤ ሳይፈጸም ጠጉር በሚከፈልበት መሥመር ላይ አንድ ነጭ ክር ይዘረጋል፤ ያም ክር ድቅድቅ ካለው ጥቁር ጎን በመቆሙ ምክንያት፥ ቀድሞ ያልተቀባው ሽበት ከሚያወራው ይልቅ አብዝቶ ያወራል። ስለዚህ ከሽበት ጋር መዋጋቱን ትቼ ለመታረቅ ቆረጥኩ፤ የዕርቁም ውል ነጩ ወደ ጥቁሩ ይመለስ ማለቱ ቀርቶ፥ ጥቁሩ ወደ ነጩ ይቅረብ የሚል ሆነ።

በምኖርበት በለንደን ሴቶች ዘንድ በአሁኑ ጊዜ የተወደደ አንድ ኅብር አለ፤ ግራጫ እንዳይሉት ሙቀት አለው፥ ወርቅማ እንዳይሉት አመድ ነስንሰውበታል፥ ቡናማነቱም ሄደ ሲሉት አልሄደም። ጠጉር ሠሪዎቹ ቤዥ ብሎንድ ይሉታል። ነጩና ቀዩ ጤፍ ተቀላቅሎ የሚገኘውን የሠርገኛ ጤፍ እንጀራ በቀን ብርሃን ያየ ሰው ግን ሌላ ማብራሪያ አያሻውም።

የመሪጌታ ልጅ ነኝና፥ ከገንዘቡ አስቀድሞ ያስጨነቀኝ የሕሊና ነገር ነበር። በማቴዎስ ወንጌል በ5ኛው ምዕራፍ፥ በራስ ጠጉር ነጭነትና ጥቁረት ላይ የሰው ሥልጣን የቱን ያህል ኢምንት እንደ ሆነ የተነገረበት ቃል አለ፤ አባቴ በሕይወተ ሥጋ ቢኖሩ ኖሮ ከደጃፍ ሳላልፍ ይጠቅሱብኝ ነበር። እኔም በበኩሌ ቃሉ የተነገረው ስለ መሐላ እንጂ ስለ ቀለም አይደለም፥ ከዚህም በላይ ነጭና ጥቁር ይላል እንጂ ቤዥ አይልም ብዬ ለራሴ የሚመች አንድምታ አሰናድቻለሁ። የቀርታግናው ተርቱልያኖስ ግን እንዲህ በቀላሉ የሚለቅ ሰው አይደለም፤ ጠጉራቸውን በዛፍራን ቢጫ የሚያደርጉትን የዘመኑን ሴቶች፥ በገዛ ወገናቸው አፍረው በጀርመንና በጎል አገር መወለድን ይመኛሉ እያለ ገሥጿቸዋል። ተግሣጹ ግን ማንንም ከማቅለም አላስቀረም፤ ቼዛሬ ቬቼልዮ እ.ኤ.አ. በ1590 ባሳተመው የአልባሳት መጽሐፍ፥ የቬኔስያ ሴቶች አናት የሌለው ባርኔጣ ደፍተው፥ ጠጉራቸውን በሰፊው ክፈፍ ላይ ዘርግተው፥ በመድኃኒት እያራሱ በሰገነት ላይ ለፀሐይ ሲቀመጡ ያሳየናል። የለንደን ሴት ይህንን ብትሞክር ፀሐዩን ስትጠባበቅ ዕድሜዋ ያልቃል፤ ስለዚህ በፀሐይ ፋንታ ኬሚስትሪ ተሰጥቷታል።

ጠጉር ሠሪዬ የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ በዕድሜ ከልጄ አትበልጥም፥ ነገር ግን በወንበሯ ላይ በተቀመጠ ሁሉ ላይ የማሰርና የመፍታት ሥልጣን አላት። የወደድኩትን ኅብር በፎቶግራፍ ባሳየኋት ጊዜ ቀና እንኳ ሳትል፦ «እትዬ፥ ይቺ ልጅ መስኮት አጠገብ ነው የቆመችው፤ ግማሹ ቀለም የመስኮቱ ነው» አለችኝ፤ የምወደውን ብቻ ሳይሆን የምጠላውንም ፎቶግራፍ እንዳመጣላት አዘዘችኝ። ሰው የሚወደውን ሲናገር ይወላውላል፥ የሚጠላውን ግን አይስተውም ባይ ናት።

ከዚያም የኅብሩን መዝገብ ገለጠችልኝ። በውስጡ ትንንሽ የጠጉር ዘለላዎች በተርታ ተሰክተው፥ ከእያንዳንዱ ሥር 8.1፥ 8.13፥ 9.2 የሚል ምዕራፍና ቁጥር የመሰለ ጽሕፈት ተጽፏል። ከነጥቡ በፊት ያለው ጥልቀቱን ያመለክታል፤ 1 ጥቁር ነው፥ 10 ከሁሉ የነጣው ነው፤ ከነጥቡ በኋላ ያለው ነጸብራቁን ይናገራል፤ 1 አመድማ፥ 2 ወይን ጠጅማ፥ 3 ወርቅማ ነው። ስለዚህ 8.13 ማለት በስምንተኛው ምዕራፍ አመዱ ቀድሞ ወርቁ የሚከተልበት ክፍል ነው፤ ዳዊት ለደገመ ሰው ይህ ከባድ ትምህርት አይደለም። ልቤ ያዘነበለው ወደ 8.1 ነበር፤ እርሷ ግን ንጹሕ አመድ ከጠይም ፊት አጠገብ ሲቆም ፊቱንም ያጠቁረዋል፥ አመዱም ይብስበታል ብላ ወደ 8.13 መለሰችኝ።

ይህንኑ ነገር ሚሼል ኤዠን ሸቭረል የተባለው ፈረንሳዊ ሊቅ አስቀድሞ መርምሮታል። በፓሪስ በጎብለን የመጋረጃ ፋብሪካ የማቅለሚያው ክፍል ሹም ሳለ፥ ጥቁሩ ክር ጥቁረት ጎደለው የሚል አቤቱታ ቀርቦለት ቢመረምር፥ ጉድለቱ የክሩ ሳይሆን ከጎኑ የተሸመነው የሰማያዊው ጎረቤቱ ጠባይ ሆኖ አገኘው፤ እ.ኤ.አ. በ1839ም ስለዚሁ ስለ ኅብራት ጉርብትና ወፍራም መጽሐፍ አሳተመ፤ ከዚያም ዕድሜው 102 እስኪሞላ ኖረ። ስለ ቀለም የሚነሣ አቤቱታ ሲሰማ የኖረ ሰው ይህን ያህል ዕድሜ ማግኘቱ፥ ለእኔ ከግኝቱ ይልቅ ይደንቀኛል።

ጥቁር ጠጉር በቀጥታ ወደ ቤዥ አይሻገርም፤ በመንገዱ ላይ ቀይ አለ፥ ከቀይ ወዲያ ብርቱካን፥ ከብርቱካን ወዲያ ቢጫ አለ፤ እነዚህን ሳያልፍ የደረሰ የለም። አስቀድማ ከጆሮዬ ኋላ ጥቂት ቀለም ቀብታ 48 ሰዓት ቆዳዬን ከፈተነች በኋላ፥ ጠጉር የሚያነጣውን ዱቄት በፔሮክሳይድ በጠበጠች፤ 12 በመቶ የሚለውን ጠርሙስ በመደርደሪያው ላይ ትታ 6 በመቶ የሚለውን አነሣች፤ ጥምዝ ጠጉር ሲቸኩሉበት ይበጠሳልና። ዘለላውን በጅራታም ማበጠሪያ እየለየች፥ እየቀባች፥ በፎይል እየጠቀለለች ሄደች፤ የቀረውንም ለሌላ ቀን አሳደረችው። ፎይሉ በተገለጠ ጊዜ በመስተዋቱ ውስጥ የተቀመጠችው ሴትዮ ብርቱካናማ ነበረች። እኔ በልቤ ምሕላ ስይዝ እርሷ ሻይዋን ፉት እያለች «ገና ነው» አለች። ከዚያም ብርቱካኑን በሰማያዊ፥ ቢጫውን በወይን ጠጅ የሚያበርደውን ቶነር አፈሰሰችበት፤ ሲታጠብ የወረደው ውኃ ሐምራዊ ሆኖ ሳለ፥ በራሴ ላይ የቀረው ግን ያ ሠርገኛው ሆኖ ተገኘ።

ምርጫው ይህን ያህል ነው፤ ጥበቃው ግን ዕድሜ ልክ የማያልቅ ቀኖና ነው። ቶነር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ታጥቦ ይሄዳል፥ ከሥሩ ያደፈጠው ቢጫም ወደ ርስቱ ይመለሳል። ወይን ጠጁ ሻምፖ በሳምንት አንድ ጊዜ፥ ለጥቂት ደቂቃ ብቻ ነው፤ አብዝቶ መጽደቅ ያማረው ሰው ሐምራዊ ጠጉር ይዞ ይወጣል። ውኃው ለብ ያለ ይሁን፥ ፒያስትራው እንዳይግል፥ በመዋኛ ገንዳም ራስ እንዳይነከር፤ በውኃው ያለ መዳብ ብሎንዱን አረንጓዴ ያደርገዋልና። ከሁሉ የከፋው ግን የለንደን ውኃ ነው፤ በኖራ ድንጋይ ምድር አልፎ የሚመጣ ስለ ሆነ በማንቆርቆሪያዬ ግርጌ ነጭ ቅርፊት የሠራው ያው ኖራ በጠጉሬ ላይም ሰፍሮ ያደበዝዘዋል። ስለ ማጣሪያ ባነሣሁ ጊዜ ባለቤቴ፦ «የምንጠጣውን ሳናጣራ የምትታጠቢበትን እናጣራ?» አለኝ፤ ጥያቄው መልስ አልነበረውምና አልመለስኩም።

በልጃችን ሠርግ ሰሞን አክስቴ ከጎንደር መጡ። ገና ካፖርታቸውን ሳያወልቁ ራሴን በእጃቸው ይዘው ወደ ብርሃኑ አዞሩኝና ብዙ ከመረመሩ በኋላ፦ «እሰይ የኔ ልጅ! ሌላው በየቀለሙ ሲጨማለቅ አንቺ ሽበትሽን እግዜር እንደ ሰጠሽ መተውሽ ደግ አደረግሽ» አሉኝ። ባለቤቴን ድንገት ሳል ያዘው። እሳቸውም ጫፉን በጣታቸው አሸት አድርገው «ግን ደርቋል፤ ቅቤ ይሻል» ብለው፥ ጉምሩኩን እንዴት እንዳለፈ እስካሁን ያልጠየቅኩትን ለጋ ቅቤ ከሻንጣቸው አወጡ።

በምርመራቸው ስሕተት አልነበረም፤ የነጣ ጠጉር በእርግጥ ይደርቃል። ቢሆንም ያለ ፈቃድ ልቀባው አልደፈርኩምና ወደ ጠጉር ሠሪዬ ደወልኩ። ጥቂት ዝም ብላ ካሰበች በኋላ፦ «ጫፍ ጫፉን ብቻ፥ እትዬ፤ ቶነር ባደረግንበት ሳምንት ግን እንዳይሆን» ብላ ፈቀደችልኝ፤ ስልኩን ልዘጋ ስልም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «ለኔም ትንሽ ያስቀሩልኝ» አለች።