ስም የበዛለት አሳማ

ጀርመኖች ለአሳማ ያወጡትን ስም ያህል እኛ ለበኩር ልጃችን አናወጣም። ሴቷ ዛው፣ ወንዱ ኤበር፣ ግልገሉ ፌርክል፤ ሁሉም በጅምላ ሲጠሩ ሽቫይን። ሽቫይን ከእንግሊዙ ስዋይን ጋር የአንድ አያት ልጅ ነው፤ ሥሩም ሴቷን አሳማ ይጠራ ከነበረ ጥንታዊ ቃል የመጣ ሲሆን የላቲኑ ሱስም የዚያው ዘር ነው። ፌርክልና የእንግሊዙ ፖርክም ቢሆኑ የሩቅ የሥጋ ዘመዶች ናቸው። ፒግ ብቻ ነው የቋንቋ ሊቃውንት አባት ያጡለት።

እኛ ዘንድ ነገሩ አጭር ነው። ከግእዙ ሐራውያ የመጣው እሪያ መጽሐፍ ቅዱስ ውስጥ ቀርቷል። የዱሩ ከርከሮ፣ የቤቱ አሳማ፣ አለቀ። ለማንበላው እንስሳ ምን አደከመን!

እንግሊዝ አገር ግን ነገሩ በመደብ ተከፈለ። እ.ኤ.አ. በ1066 ኖርማኖች አገሩን ከያዙ በኋላ፣ ጭቃ ለጭቃ የሚከተለው ገበሬ ስዋይን ሲለው፣ ማዕድ ላይ የሚጠብቀው ጌታ በፈረንሳይኛ ፖርክ አለው። ደራሲው ዋልተር ስኮት በ«አይቫንሆ» የቀለደው በዚሁ ነው።

ይህን ሁሉ የሰማሁት ለወላይታ ዘመን መለወጫ ለጊፋታ ከጀርመን ከመጣው ያጎቴ ልጅ ነው፤ ጉኑኖ፣ ሥጋ ቤት ቁጭ ብለን፣ ዳጣው እንባችንን እያስወረደው።

«ዕድል ሲቀናቸው ‹አሳማ አለኝ› ይላሉ» አለን።

አጎቴ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ናቸው። ቢላዋቸውን አስቀመጡ። «እዚህ እንዳትላት! ተሰብስበን እንመክርሃለን።»

ልጁ መች ዝም ይላል። ጃርትን «እሾኻም አሳማ»፣ አዋልዲጌሳን «የምድር ፌርክል» ይሏቸዋል ብሎ ቀጠለ።

«እንሰቴን የጨረሰው አሳማ ነዋ!» አሉ አጎቴ። ጃርት ጓሯቸውን ሲቆፍር ነበር የከረመው።

ከዚያ ተራው የእሳቸው ሆነ። በቢላዋቸው ጫፍ ትሪው ላይ ያለውን እየነኩ ዳቢት፣ ጎድን፣ ፍሪምባ፣ ሽንጥ፣ ታላቅ፣ ታናሽ እያሉ ወረዱና የሻኛው ጮማ ላይ ቆሙ።

«ሻኛንስ ምን ይሉታል?»

ልጁ ስልኩን ጎረጎረ፤ ቆይቶም፣ «አባባ፣ የእነሱ ከብት እኮ ሻኛ የለውም» አለ።

«ምስኪኖች! ለዚህ ነዋ አሳማ ላይ የዘመቱት» አሉና፣ የሰባውን ቁራጭ ዳጣ ነክረው አጎረሱት።