የራያ ፀሐይ ያልገባበት መመሪያ

የአክስቴ ልጅ የመንገድ ብስክሌት ውድድር ልቡን ከወሰደው ወዲህ ከስልኩ የማይለየው አንድ ጽሑፍ አለ። ለጀማሪዎች የተዘጋጀ የልምምድ መመሪያ ነው። ደጋግሞ ስላነበበልኝ እኔም በቃሌ ይዤዋለሁ። ብዙ ቁም ነገር አለበት። ኮርቻው ላይ ተቀምጠህ ተረከዝህን ፔዳሉ ላይ አሳርፍ፤ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግርህ ቀጥ ካለ የኮርቻህ ከፍታ ልክ ነው ይላል። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ሳታለከልክ ማውራት በምትችልበት ፍጥነት ንዳ፤ ከባድ ማርሽ እየገፋህ ጉልበትህን አትጉዳ፤ ቀለል ባለው ማርሽ በደቂቃ ከ80 እስከ 90 ጊዜ አዙር ይላል። ልብና ሳንባ ቶሎ ይለምዳሉ፣ ጅማትና መገጣጠሚያ ግን ይዘገያሉና ርቀቱን በጥቂት በጥቂቱ ጨምር ይላል። ሁሉም እውነት ነው። ሆኖም ይህን ሁሉ አጥንቶ ከራያዋ ከተማ ከቆቦ የሚነሳ ወጣት ገና ብዙ ይቀረዋል።

መንገዱ የራሱ ጠባይ አለው። ከቆቦ ወደ ደቡብ ሲሄዱ ሮቢት፣ ጎብዬና ዶሮ ግብር ታልፈው ወልድያ ይገባል፤ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቆቦ ከባሕር ጠለል በላይ 1,470 ሜትር አካባቢ ላይ ናት፤ ወልድያ ግን ወደ 2,000 ትጠጋለች። ስለዚህ መንገዱ መጀመሪያ በሜዳ ያባብልና ጉልበት ሲያልቅ ዳገቱን ያመጣል። ወደ ሰሜን ከሆነ ዋጃን አልፎ አላማጣ ነው፤ ከአላማጣ በላይ ጣሊያን የከፈተው የግራካሶ ጠመዝማዛ ይጀምርና ኮረም እስኪደርስ 1,000 ሜትር ያህል ሽቅብ ያስወጣል።

በጥቅምት አንድ ቀን ከአክስቴ ልጅ ጋር ስንወጣ የመመሪያው ሠንጠረዥ «ረጅም ጉዞ፣ በዝግታ» ይል ነበር። ጎብዬ ደርሰን ልንመለስ አሰብን። ጠዋት ግን የአንዱ ብስክሌት ካቴና ተበጠሰና ሌላ እስኪገጠምለት ረፈደ። ከቆቦ ስንወጣ ፀሐይዋ አናት ላይ ልትደርስ ነበር። ሠንጠረዡ ስለ ሰዓት የሚለው ነገር የለም። ጥቅምት መመሪያውን በጻፉት የውጭ ሰዎች አገር ፀሐይ የምትናፈቅበት ወር ነው፤ በራያ ግን ቀትር ላይ የሚሸሿት ናት።

እስከ ሮቢት ድረስ ደስ እያለን ሄድን። ግራና ቀኝ ማሽላው ከሰው ቁመት በላይ ቆሞ ራሱን አዘንብሏል። ልጆች ማማ ላይ ወጥተው ወንጭፍ እያጮሁ ግሪሳ ወፍ ይከላከላሉ። በምሥራቅ በኩል የዞብል ተራራ በሙቀቱ ጭጋግ ደብዝዞ ይታያል። የአክስቴ ልጅ መመሪያው እንዳዘዘው እያወራኝ ይነዳል። ከሮቢት ወዲያ ወሬው አለቀ። ነፋሱ ከፊት መጣ፤ ከአስፋልቱ የሚነሳው ወላፈን ጉሮሮ ያደርቃል። በላብ የወጣው ጨው በግንባሩ ላይ ነጭ መስመር ሠራ።

ጎብዬ ሳንደርስ አንድ ጭነት ያዘለ አይሱዙ ከኋላችን እየጮኸ መጣና ጠርዝ ላይ ወጣን። ጠርዙ ላይ ለአጥር የተቆረጠ የግራር ቅርንጫፍ ተጎትቶ አልፎ ነበር፤ እሾሁ ረግፎ ቀርቷል። የሁለታችንም ጎማ በአንድ ቦታ ተነፈሰ። ትርፍ ካላማዳሪያ ይዘናል፤ አንድ ነው። አንዱን ቀየርን። ሌላውን ለመለጠፍ ቀዳዳውን ማግኘት ያስፈልጋል፤ ቀዳዳ የሚፈለገው ውሃ ውስጥ ነክሮ አረፋ በማየት ነው። የቀረን ውሃ ደግሞ ጉሮሮ ለማርጠብ እንኳ የሚበቃ አልነበረም።

እዚያ ስንጨነቅ አንድ ሽማግሌ ከማሽላው መሀል ወጡ። «ልጆቼ፣ በዚህ ቀትር ግመል እንኳ ጥላ ይፈልጋል፤ ኑ ወዲህ» አሉን። የአክስቴ ልጅ «አያ፣ ጎማው ነው ያስቸገረን» አላቸው። ሽማግሌው ልጃቸውን ጠሩት፤ በሽንኩርት ማሳ ላይ የውሃ ሞተር የሚያንቀሳቅስ ጎልማሳ ነው። ካላማዳሪያውን ነፋና ውሃ ሳይጠይቅ ወደ ከንፈሩ አስጠጋው። ዓይኑን ጨፍኖ ቀስ እያለ አዞረው። አንድ ቦታ ላይ ቆመ፤ ትንፋሹ ከንፈሩን ነክቶታል። እሾሁን ከጎማው ውስጥ በጣቱ እየዳሰሰ ነቀለ፤ ቀዳዳውን በሻካራ ድንጋይ ፈገፈገ፤ ከአሮጌ ካላማዳሪያ ቆርጦ በማስቲሽ ለጠፈ። «እሾሁን ሳታወጡ ብትለጥፉት ደግሞ ይበሳዋል» አለን። ይህች አንዲት ዓረፍተ ነገር በየትኛውም መመሪያ የመጀመሪያ ገጽ ላይ ብትሰፍር ቦታዋ ነው።

ማስቲሹ እስኪይዝ ጥላ ሥር ተቀመጥን። ከጄሪካን ውሃ ቀዱልን፣ የተጠበሰ የማሽላ እሸት አቀረቡልን፣ ጥንቅሽ ሰበሩልን። መመሪያው ከአንድ ሰዓት በላይ የሚነዳ ሰው በየሰዓቱ ከ30 እስከ 60 ግራም ካርቦሃይድሬት ይውሰድ ይልና በፕላስቲክ የታሸገ ጣፋጭ ዝልግልግ ነገር ይመክራል። ያ በቆቦ ሱቅ የለም። ጥንቅሽ ግን ስኳሩን በአገዳው ይዞ ማሳው ውስጥ ቆሟል፤ እሸቱም ሆድ ሳይከብድ ኃይል ይሰጣል። የአክስቴ ልጅ ጥንቅሹን አኝኮ ሲጨርስ ፊቱ ተመለሰ፤ ከሮቢት ወዲህ ወሬ ያቆመው ልጅ ወሬውን ቀጠለ።

እዚያ ጥላ ሥር ሆነን ያወራነው ስለ ቀደሙት ነው። በ1949 ዓ.ም. በሜልቦርን ኦሊምፒክ ገረመው ደንቦባ በመንገድ ብስክሌት 24ኛ ሲወጣ የኢትዮጵያ ቡድን 9ኛ ሆኗል። በ2008 ዓ.ም. ደግሞ ጽጋቡ ግርማይ በቱር ደ ፍራንስ የተወዳደረ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ሆነ። ጽጋቡ የተወለደው ማይጨው ነው። ማይጨው ከቆቦ ተነስቶ በአላማጣ፣ በግራካሶና በኮረም በኩል የሚወጣው የዚሁ አውራ ጎዳና ከተማ ናት። በመስከረም 2018 ዓ.ም. የዓለም ሻምፒዮና ለመጀመሪያ ጊዜ በአፍሪካ ምድር፣ በኪጋሊ ሲካሄድ የአክስቴ ልጅ ዳገቱን ከግራካሶ ጋር እያነጻጸረ ነበር ያየው።

ከዚህ መንገድ ብስክሌተኛ ይወጣል ማለት ከምኞት ያለፈ መሠረት አለው። በ1997 እ.ኤ.አ. ሌቪንና ስትሬይ ጉንደርሰን የተባሉ አሜሪካውያን ተመራማሪዎች በ2,500 ሜትር ከፍታ እየኖሩ በ1,250 ሜትር ላይ የተለማመዱ ሯጮች በ5,000 ሜትር ሩጫ ሰዓታቸው እንደተሻሻለ አሳይተዋል። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ደጋ ላይ ሲያድሩ አየሩ ስለሚሳሳ ሰውነት ቀይ የደም ሕዋስ ያበዛል፤ ቆላ ላይ ሲለማመዱ ደግሞ ኦክስጅኑ ስለማያንስ በሙሉ ኃይል መሥራት ይቻላል። ኮረም 2,500 ሜትር አካባቢ ናት፤ ቆቦ ከ1,500 በታች። የውጭ አገር ቡድኖች ብዙ ገንዘብ ከፍለው የሚያመቻቹት የከፍታ ልዩነት እዚህ በአንድ መንገድ ሁለት ጫፍ ላይ ተቀምጧል።

ለዚህ ነው የራያ ጀማሪ የራሱ መመሪያ ያስፈልገዋል የምለው። ኮርቻውና ማርሹ እንዳለ ይቆይ፤ በላዩ ላይ አገሩ ይጨመርበት። ከጠዋቱ 12 ሰዓት ተነስቶ ከረፋዱ 4 ሰዓት በፊት ቤት መግባት፤ ካቴና ቢበጠስና ቢረፍድ ረጅሙን ጉዞ ለነገ ማሳደር። ነፋሱ እየረፈደ ሲሄድ ስለሚበረታ መመለሻው ወደ ነፋሱ እንዳይሆን አቅጣጫ መምረጥ። ትርፍ ካላማዳሪያ በሁለት ሰው ሁለት፤ ማስቲሽና መለጠፊያ አብሮ። ውሃው ላይ ቁንጥር ጨው። በክረምት ደግሞ፣ ቆቦ ላይ ሰማዩ ጥርት ብሎ እያለ ከምዕራቡ ተራራ የዘነበው ዝናብ እንደ ጎሊና ባሉ ወንዞች በድንገት ደራሽ ሆኖ ስለሚወርድ፣ ደረቅ አሸዋ ነው ብሎ ወንዝ ውስጥ አለማረፍ። ከብት ሲያቋርጥ ፍሬን ይዞ ለእረኛው ሰላምታ መስጠት፤ እረኛው ድምፅ ከሰማ ከብቱን ራሱ ይሰበስባል። ቆቦ በገበያዋ ቀን ስትሞላ በከተማው መሀል ብስክሌቱን በእጅ ይዞ መራመድ።

ይህ ሁሉ እውቀት አሁን ያለው በሽማግሌዎች፣ በጎሚስታዎችና በሞተር ሠራተኞች ዘንድ ነው። የአክስቴ ልጅ ደብተር ገዝቶ መጻፍ ጀምሯል፤ የእሾሁን ነገር አስቀድሟል። ከእሱ በኋላ የሚመጣው የቆቦ ልጅ ሲጀምር የሮቢትን ነፋስ፣ የወልድያን ዳገትና የጥንቅሹን ጉልበት የሚያውቅ መጽሐፍ በእጁ ሊኖር ይገባል። ከዚህ መንገድ ጽጋቡን የሚከተል ልጅ የሚወጣው ያኔ ነው፤ እኔም ያን በሙሉ ልቤ አምናለሁ።