የነጋሪቱ ቁልፍ

ከሐረርጌ ደጋ ግርጌ አንድ ደረቅ ወንዝ ነበር። ከክረምት ጥቂት ቀናት በቀር ውኃ አይወርድበትም። አሸዋው ለስላሳ ነው፤ ዳርና ዳሩ የግራር ጥላ አለው፤ ጥቂት ሲጭሩት ንጹሕ ውኃ ያፈልቃል። አራዊቱ ይህን አይተው እዚያው አሸዋው ላይ ጎጆ ቀለሱ፤ ወለዱ፤ ከበዱ። አያቶቻቸውን ጎርፍ እንደወሰዳቸው የሚያስታውሱት እማማ ኤሊ ብቻ ነበሩ።

አያ አንበሶ ይህን ወሬ ሲሰማ ደንገጥ አለና አዋጅ አስነገረ። «በየዓመቱ የጎርፍ ማምለጫ ልምምድ ይደረግ! ነጋሪት ሲጎሰም ሁሉም ወደ ኮረብታው ይውጣ!» ወዲያው ኮሚቴ ተቋቋመ፤ ሰብሳቢው አቶ ዝንጀሮ ሆነ።

የመጀመሪያው ዓመት ልምምድ ጉድ ነበር። ነጋሪቱ ሲመታ ድኩላዎቹ ሚዳቋዎቹን እየረገጡ ሮጡ። ከርከሮ የረሳውን ዕቃ ሊያመጣ ሲመለስ መንገዱን ዘጋው። ጃርት ቀን ቀን ስለሚተኛ ከነቤተሰቡ ከጉድጓዱ አልወጣም። እማማ ኤሊ ደግሞ ዳገቱ መሐል የተጋረጠው አለት አላሳልፍ ብሏቸው ተገልብጠው ቀሩ። አቶ ዝንጀሮ ላቡን ጠረገና ወደ አያ አንበሶ ጆሮ ጠጋ ብሎ፣ «ጌታዬ፣ ልምምዱ በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» አለው።

በማግስቱ ኮሚቴው ለግምገማ ተቀመጠ፤ ለጉድለቱ ሁሉ መላ ተገኘለት። እማማ ኤሊ በልምምዱ ዋዜማ በሸክም ወጥተው ኮረብታው ላይ እንዲያድሩ ተወሰነ። ጃርት ከነቤተሰቡ ደጅ ወጥቶ እንዲጠብቅ ታዘዘ። ግፊያው ዓይን ስለሚያስቀይም፣ ሁሉም አስቀድሞ በየወገኑ አሸዋው ላይ እንዲሰለፍ፣ ከዚያ የክብር እንግዳው ንግግር እንዲያደርግ፣ ነጋሪቱም ከንግግሩ በኋላ እንዲጎሰም ሆነ። ልጆች እየመቱ እንዳያስቸግሩም ነጋሪቱ ዋሻ ውስጥ ተቆለፈበት፤ ቁልፉ በአቶ ዝንጀሮ አንገት ላይ ዋለ። አለቱን የነካው አልነበረም።

ከዚያ ወዲያ ልምምዱ አማረበት። መፈክር ይሰቀላል፤ ሰልፉ ቀጥ ይላል፤ ንግግሩ ይረዝማል፤ ኮሚቴው አበሉን ተቀብሎ ይበተናል። ሪፖርቱም ከዓመት ዓመት አንድ ቃል አይለወጥም።

በሰባተኛው ዓመት ስብሰባ ላይ እማማ ኤሊ እጃቸውን አወጡ።

«ልጄ፣ ጎርፉ ሌሊት ቢመጣስ?»

«እማማ፣ ፕሮግራሙ እኮ ከጧቱ ሦስት ሰዓት ነው» አለ አቶ ዝንጀሮ።

«የኛን ፕሮግራም ለጎርፉ ማን ነገረው?»

«ኧረ ሟርቱ ይቅርብን! ለነገሩ እርስዎ ምን ያሳስብዎታል? በየዓመቱ ከሁሉ ቀድመው ኮረብታው ላይ የሚገኙት እርስዎ አይደሉ?»

ጉባኤው በሳቅ ፈረሰ። እማማ ኤሊ ነገር አላበዙም። ጨረቃ በሌለችበት ሌሊት ጃርትንና ጥቂት ጎረቤቶቻቸውን ሰበሰቡና «በሉ፣ አሁን ጎርፍ መጣ» አሏቸው።

በዚያ ሌሊት ያልተሳሳተ አልነበረም። ልጆቹ ወደ ኮረብታው ሳይሆን ወደ እናቶቻቸው ሮጡ፤ እናቶችም ልጆቻቸውን ሲፈልጉ እርስ በርስ ተላለፉ። መታጠፊያውን በጨለማ ያየው የለም። አለቱ ጋ ሲደርሱ ሁሉም ተደናቀፉ። እማማ ኤሊ ግን የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ «ዛሬ ምን አቃተን?»

ከዚያ ወዲያም ሌሊት ሌሊት እየተለማመዱ ያቃታቸውን አንድ በአንድ አቀኑት። ለእያንዳንዱ ልጅ የሚያወጣው ጎረቤት ተመደበለት፤ እናትም ይህን አውቃ ቀጥ ብላ እንድትወጣ ተነገራት። ጃርቶቹ የአለቱን ሥር ቆፍረው አንከባለሉት። በመታጠፊያው ላይ ነጭ ድንጋይ ተደረደረ። ከላይ ሆኖ ወንዙን የሚያደምጥ ሲጠፋ፣ አያ ጅቦ «እኔ እንደሆንኩ ሌሊት እንቅልፍ የለኝ» ብሎ ራሱን አቀረበ። ሰፈሩ «ደግሞ ብለው ብለው ጅብን ዘበኛ አደረጉት!» እያለ ተሳለቀ። «እንቅልፍ ነሱን» ብሎ ለኮሚቴው የከሰሰም ነበር።

አንድ የሐምሌ ሌሊት ሰማዩ ከዋክብቱን ዘርግቶ ነበር። ዝናቡ የወረደው ደጋው ላይ ነው። ቆላው አንድ ጠብታ ሳይነካው ውኃው ግንድና ቋጥኝ እያላተመ ቁልቁል ተምዘገዘገ። አያ ጅቦ የመሬቱን ጉርምርምታ ሰማና ሦስት ጊዜ ጮኸ።

የእማማ ኤሊ ወገን ምን መጣ፣ ምን ሆነ አላለም። ሚዳቋ ልጇን ሳትፈልግ ወጣች፤ ልጇ በማን ጀርባ ላይ እንዳለ ታውቃለችና። ሁለት ጃርቶች እማማ ኤሊን ከኋላ እየገፉ በቀናው መንገድ አወጧቸው። ኮረብታው ላይ በጨለማ ስም ተጠራ፤ የጎደለ አልነበረም።

የቀሩትም ቢሆኑ የጅቡን ጩኸት ሰምተው ነቅተዋል። ከየጎጆአቸው ወጡና እግራቸው የለመደውን አደረጉ፤ አሸዋው ላይ በየወገናቸው ተሰልፈው ነጋሪቱን ጠበቁ። ለዓመታት የተለማመዱት መሸሽን ሳይሆን መቆምን ነበር። አቶ ዝንጀሮ ቁልፉን አንገቱ ላይ እንዳንጠለጠለ ለስብሰባ ደጋ ወጥቶ ነበር። ጎርፉ ሰልፉን እንደቆመ ወሰደው።

አቶ ዝንጀሮ ሲነጋ እያለከለከ ደርሶ ዋሻውን ከፈተና ነጋሪቱን ጎሰመ። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ማለት ይኸው ነው።

አያ አንበሶ ሁለቱንም አስጠራ። አቶ ዝንጀሮ የሰባት ዓመት ሪፖርት ዘረጋ፤ አንድም ጉድለት የለበትም። እማማ ኤሊ መዝገብ ባይኖራቸውም፣ የየሌሊቱን ስህተት ሁሉ በቃላቸው ዘረዘሩ። አያ አንበሶ ብዙ ዝም ካለ በኋላ ፈረደ፤ «ከእንግዲህ ጉድለት ያልተጻፈበት የልምምድ ሪፖርት ወደኔ አይምጣ። ጉድለቱን ጽፎ ያላረመም በኮሚቴ አይቀመጥ።»

የተረቱን ጎርፍ ድሬዳዋ በእውን ታውቀዋለች። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ200 በላይ ሰዎችን ገድሏል፤ ውኃው የመጣው ከከተማዋ በላይ ካለው ደጋ ነበር። እንዲህ ያለ አደጋ ፕሮግራም አይጠይቅም።

ስለዚህ አንባቢ ሆይ፣ በመሥሪያ ቤታችሁ፣ በቀበሌያችሁ ወይም በልጆቻችሁ ትምህርት ቤት የአደጋ ልምምድ ተደረገ ሲባል ጠይቁ። ቀኑና ሰዓቱ አስቀድሞ ተነግሮ ነበር? በተሽከርካሪ ወንበር የሚሄደው ሰው በየት በኩል ወጣ? የድንገተኛ መውጫው በር ቁልፍ ማን ዘንድ ነው? ከሁሉ በላይ ደግሞ «ምን አቃታችሁ?» በሏቸው። «ምንም፤ ሁሉም በተሳካ ሁኔታ ተጠናቋል» ካሏችሁ፣ የተደረገው ትርኢት እንጂ ልምምድ አይደለምና እንደገና ይደረግ በሉ።