ሁለት ዲግሪ

በርበሬ ሻጭ «ምን ወጥ ልትሠራበት ነው?» ብላ አትጠይቅም። መዝና፣ ሒሳቧን ተቀብላ ትሸኝሃለች። የስፖርት መኪና ዕቃ ሻጭ ግን «የፊት ካምበር ማስተካከያ ፈልጌ ነበር» ስትለው፣ ዋጋ ከመናገሩ በፊት የንስሐ አባት ይሆናል። መኪናዋን ለምንድን ነው የምትነዳት? ለውድድር ሜዳ ነው ለመንገድ? ጎማህስ ምን ዓይነት ነው? ሞላውን ዝቅ አድርገኸዋል? እውነቱን እንናገር ካልን እሑድ ቤተ ክርስቲያን፣ ቅዳሜ ቡና፣ ወቅቱ ሲደርስ ሰርግ ነው። ይህ ለውድድር ዕቃ ሻጭ የሚነገር ነገር ነው?

መኪናዋ ባለ ሁለት በር፣ ጃፓን ሠራሽ ናት። ስሟን አልጠራም፤ አዲስ አበባ ያለችው እናቴ የቤተሰብ መኪና እንደገዛሁ ነው የምታውቀው። የፊት ጎማዎቿ ከፋብሪካ ሲወጡ ቀጥ ብለው ነው የሚቆሙት፤ ካምበራቸው፣ ማለትም ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበላቸው፣ ዜሮ አካባቢ ነው። እኔ ባለሁበት በቨርጂኒያ ደግሞ የአውራ ጎዳናው መውጫ ቀለበት በቀለበት ነው፤ ቀለበት ላይ ነዳጅ ቶሎ የመልቀቅ ልማድ የለኝም። ስለዚህ የጎማው የውጭ ትከሻ ይመለጥና የውስጡ ገና ከሱቅ የወጣ ይመስላል። መድኃኒቱ የታወቀ ነው፤ የጎማውን አናት ወደ ውስጥ ትንሽ ማዘንበል። አንድ ተኩል፣ ቢበዛ ሁለት ዲግሪ።

በምን ይዘንበል? ሰው የሚለያየው እዚህ ላይ ነው። አንዱ ወገን የብሎን ወገን ነው። ሾኩን ጎማው ከሚታሰርበት ብረት ጋር ከሚያያይዙት ሁለት ብሎኖች አንዱን አውጥተህ፣ ወገቡ ቀጠን ብሎ አንድ ጎኑ ያበጠ ብሎን ታስገባለህ፤ ስታዞረው ጎማው ያዘነብላል። ርካሽ ነው። በደንብ ካልጠበቀ ግን ጉድጓድ የገባህ ዕለት ይንሸራተትና ልፋትህ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። የሳህን ወገን በዚህ ይስቃል። እነሱ ኮፈኑን ከፍተው፣ ከሾኩ አናት ላይ ላስቲክ ያለበትን መቀመጫ ያወጡና ባለ ኳስ ኩሽኔታ የብረት ሳህን ይገጥማሉ፤ ዳዶውን ማላላት፣ ገፋ ማድረግ፣ መልሶ ማጥበቅ ነው። ዲግሪው ይትረፈረፋል። ላስቲኩ ሲሄድ ግን የመንገዱ ጠጠር አንድ በአንድ ጆሮ ውስጥ ይገባል፤ ቅዳሴ የምታደርስ መኪና እየተንቋቋች ደጀ ሰላም ስትደርስ የሚዞረውን አንገት ሁሉ አስቡት። ረዘም ያለ የታች ብራቾ የሚሉም አሉ። እነዚያን ዋጋውን አይቼ ተሰናብቻቸዋለሁ።

አገር ቤት ጋራዥ የነበራቸው አንድ ጋሼ ከየትኛውም ወገን አይደሉም።

«ልጄ፣ የሚያዘነብለው የታመመ ሰው ነው። ጎማ ቀጥ ብሎ ይቁም።»

«ጋሼ፣ መኪናዋ ስትታጠፍ እኮ ጎማውም አብሯት ወደ ውጭ ይጋደማል።»

«ታዲያ ቀስ ብለህ ታጠፍ።»

ለዚህ መልስ እስካሁን አልተገኘም።

ጥፋቱን ከሥሩ ልፈልግ ብዬ ስነሣ ኧርል ማክፈርሰን ላይ ደረስኩ። ሰውየው ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ጄኔራል ሞተርስ ውስጥ ሼቭሮሌት ካዴት የተባለች፣ ከ1,000 ዶላር በታች እንድትሸጥ የታሰበች ትንሽ መኪና ይነድፍ ነበር። ርካሽ መኪና ርካሽ እግር ያስፈልጋታል፤ እሱም ሾኩንና ሞላውን አንድ ላይ አቁሞ የላይኛውን ብራቾ አስቀረው። ካዴት በ1947 እ.ኤ.አ. ተሰረዘች። ማክፈርሰን ሐሳቡን ይዞ ፎርድ ገባ፤ በ1950 የእንግሊዞቹ ፎርድ ኮንሱልና ዜፊር በዚያ እግር ቆመው ለንደን ላይ ታዩ። ዕቃው ጥቂት፣ ለሞተር የሚተወው ቦታ ሰፊ፤ ማን ይጠላል? ፖርሸ እንኳ 911ን ከ1960ዎቹ ጀምሮ በዚሁ እግር ሲነዳት ኖሮ፣ ለመንገዷ ጂቲ3 የላይኛውን ብራቾ የጨመረላት በ2021 ነው። መታጠፊያ ላይ ጎማውን የሚያቃናው ያ ብራቾ ነበር። እኔ ብሎንና ሳህን የማማርጠው እንግዲህ ማክፈርሰን የቆጠበውን ለመተካት ነው። በ1960 ስላረፈ ወቀሳው አይደርሰውም።

ይህን ሁሉ እችለዋለሁ። የማልችለው የአላይመንት ቤቱን ወረቀት ነው። መኪናዋን ማንሻ ላይ ያወጧታል፣ ይለካሉ፣ ቁጥሩ አረንጓዴ ተቀብቶ ይወጣል። «ሁሉም ገደቡ ውስጥ ነው።» ጎማው እኮ ሽቦው ሊወጣ ነው! «ገደቡ ውስጥ ነው።» የፊት ካምበሯ የሚነካ ብሎን እንደሌላት እነሱም ያውቃሉ፣ እኔም አውቃለሁ። የማይስተካከለውን ሳያስተካክሉ፣ አረንጓዴ ቀብተው፣ ሙሉ ሒሳብ ይቀበላሉ። ስለ ጎማዬ ጠይቄ ስለ ወረቀታቸው ይመልሱልኛል። ለዚህ ዓይነት መልስ ከሆነ ውቅያኖስ መሻገር አያስፈልገኝም ነበር፤ አገሬ ከቢሮ ቢሮ ስመላለስ በነጻ አገኘው ነበር!

የሚለካው ልጅ ደግሞ ምን ያድርግ። ማሽኑ ያለውን ነው የሚያነበው። ሊሸኘኝ ሲል እንዲያውም «የተበላው የውስጡ ቢሆን ቶ ነው እልህ ነበር» አለኝ፤ የሁለቱ ጎማዎች አፍንጫ መቀራረብና መራራቅ ማለቱ ነው። ልክ ብሏል። ካምበር የሚከሰስበት የውስጥ መበላት ብዙውን ጊዜ የቶ ሥራ ነው። ብሎኑንም ብገጥም ሳህኑን፣ ካምበር ሲነካ ቶ ስለሚዛባ፣ ተመልሼ እሱው ጋ መሄዴ አይቀርም። ስሙን ጠይቄ ያዝኩ።

እስከዚያው የሰው መኪና አያለሁ። ማዝዳ ኤምኤክስ 5 ከ1989 ጀምሮ የላይም የታችም ብራቾ አላት፤ ካምበር ማስተካከያ ብሎኗም ከፋብሪካ አብሯት ይመጣል። ገብቼ ሞክሬያታለሁ። ጉልበቴ መሪውን ይነካል።