ይድረስ ለእማዬ፣ ልደታ፤ ከመጻተኛው ልጅሽ

ሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ
ግንቦት 1 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድሽና ለምትናፍቂኝ እናቴ፣

ለጤናሽ እንደምን ከርመሻል? ጉልበትሽስ የኮንዶሚኒየሙን ደረጃ እንዴት አድርጎ ቻለው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነኝ። ዛሬ በስልክ ፈንታ የጻፍኩልሽ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው ስላገኘሁ ነው። ሰውየው «ሻንጣዬ ሞልቷል፤ ከወረቀት በቀር አልቀበልም» ስላለኝ ጫማውና ቫይታሚኑ ለሌላ ጊዜ ይቆይሽ። ደግሞም የስልኩ ወሬ ሁልጊዜ «ይሰማሻል?» «ይሰማሃል?» ስንባባል ያልቃል። ወረቀት ኔትወርክ አይጠፋበትም። እህቴ ስታነብልሽ እየዘለለች እንዳታነብ አደራ በያት፤ ብትዘል ይታወቅባታል።

ባለፈው «ከእህትህ ጋር የጠፈር መርከብ ፊልም አየሁ፤ እውነት እዚያ አገር ጆሮው የሾለ፣ ግንባሩ የተጨማደደ ፍጡር አለ ወይ?» ብለሽ ጠይቀሽኝ ሳልመልስልሽ ተቋረጠ። እማዬ፣ አለ። እኔ ነኝ።

ቀልዴን አይደለም። የዚህ አገር ሕግ ዜጋ ያልሆነውን ሰው ሁሉ «ኤልየን» ይለዋል፤ ያንን ባለ ሾጣጣ ጆሮ የሚጠሩበት ቃልም ይኸው ነው። የንስሐ አባታችን ቢሆኑ «መጻተኛ» ይሉት ነበር፤ በመጽሐፍ ያለ ቃል ስለሆነ ለጆሮም ይሻላል። መጻተኛው ታዲያ ዘጠኝ አሃዝ ያለው ቁጥር ይሰጠዋል። እኔም ልደታ ማርያም ክርስትና ተነሥቼ፣ ሰፈር በሙሉ በስሜ እየጠራ ልኮኝ እንዳላደግሁ፣ ግሪን ካርዴ ላይ ቁጥር ሆኜ ተቀምጫለሁ።

ፊልሙ የሚዋሸው አንድ ነገር ላይ ነው። ከሩቅ ኮከብ የመጣው ፍጡር ገና አፉን ሲከፍት እንግሊዝኛውን ያንበለብለዋል። እኔ ከልደታ መጥቼ፣ ያውም ሁለተኛ ደረጃን በእንግሊዝኛ ተምሬ፣ ኤርፖርት ላይ ያናገረኝ ሰው ምን እንዳለ አልገባኝም። ለካ «ምግብ ይዘሃል?» ነው የሚለኝ። እኔ ደግሞ ምግብ የሚለውን ብቻ ሰምቼ፣ እንግዳ ተቀባይ ሕዝብ ነው ብዬ «አመሰግናለሁ፣ በልቻለሁ» አልኩት። ቢጠይቀኝ ቢጠይቀኝ «እውነቴን ነው፣ አውሮፕላን ላይ ጠግቤያለሁ፣ አይቸገሩ» አልኩ። ከዚያ ሻንጣዬ ተከፈተ። ያንቺን በርበሬ የፈታው ልጅ ሰባት ጊዜ ሲያስነጥስ ቆጥሬያለሁ፤ በሰባቱም «ይማርህ» ብዬዋለሁ።

ለነገሩ ሰፈራችን ለእንዲህ ዓይነቱ ነገር አዲስ አይደለችም። ቦሌ ሳይሠራ በፊት የአዲስ አበባ አውሮፕላን የሚያርፈው ልደታ አልነበር? አየር መንገዳችን በ1938 ዓ.ም. በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ መብረር ሲጀምር ዛሬ ባቡርና ኮንዶሚኒየም የሞላው ሰፈር የመንኮራኩር ጣቢያ ነበር ማለት ነው። ጄት ሲመጣ ሜዳው ስላልበቃ ቦሌ ወሰደው። አያቴ ትነግረን የነበረውን አትረሽም፤ የአውሮፕላኑ በር ሲከፈት ፈረንጁ ኮፍያውን ይዞ ብቅ ይላል፣ የሰፈር ልጅ ደግሞ ዙሪያውን ከቦ አፉን ከፍቶ ያያል። ያኔ መጻተኛው እሱ ነበር። ተራ ደረሰኝ።

አሁን ወደ ዋናው ልግባ። እንደምታውቂው የምሠራው ታክሲ ነው፤ እናንተ «ራይድ» እንደምትሉት ያለ፣ በስልክ የሚጠራ። የፋሲካ ማግስት ግሪንቤልት ከምትባለው ከተማ አንድ ሽማግሌ ጫንኩ። ናሳ ጎዳርድ የተባለውን የጠፈር ማዕከሉን የተከለባት ከተማ ናት፤ ለቤቴ ቅርብ ናት። ሽማግሌው የሰማይ ነገር የሚወዱ ሰው ናቸው። ከኢትዮጵያ መሆኔን ስነግራቸው ፊታቸው በራ።

«ታዲያ ድንቅነሽን ታውቃታለሃ!» አሉኝ። እሳቸው እንኳ ያሉት «ዲንኪኔሽ» ነው፤ ጥቂት አሰላስዬ ነው የገባኝ።

እኔ ልደታ የማውቃቸው ድንቅነሾች ሦስት ናቸው፤ ባለ ጉልቷ፣ የዕቁቧ ጸሐፊና ያቺ ዓረብ አገር ሄዳ የመጣችው። የትኛዋን ማለታቸው እንደሆነ ሳልጠይቅ ቀጠሉ።

«የዛሬ ዓመት ከመንፈቅ ነው ያገኘናት። ብቻዋን መስላን ነበር።»

«እህ» አልኩ፤ ልክ አንቺ እንደምትዪው፣ ትንፋሼን ወደ ውስጥ ሳብ አድርጌ። ሽማግሌው በመስታወቱ አየት አደረጉኝ።

«ስንደርስባት ልጅ ይዛ ተገኘች።»

«እህ!»

«ልጁን ጠጋ ብለን ስናየው ደግሞ አንድ አይደለም። ሁለት ናቸው፣ ተጣብቀው!»

እማዬ፣ ላብ አጠመቀኝ። ዓረብ አገር የነበረችው ድንቅነሽ እዚህ ገብታ፣ ተጣብቀው የተወለዱ መንታዎች ታቅፋ፣ እኔ የሰፈሯ ልጅ ሳላውቅ! «አባትየውስ የት ሄዶ?» አልኳቸው።

«የምን አባት? ድንጋይ እኮ ናት» አሉኝ።

አራስ ሴት እንዲህ ትባላለች? ቅር አለኝ። ግን ደንበኛም ሽማግሌም ናቸው፤ ምን እላለሁ? «እህ» አልኩ። ኀዘን ስላለበት ረዘም አድርጌ ሳብኩት።

«መኪናውን አቁም!» ብለው ጮኹ። ዳር ይዤ ሳልጨርስ 911 ደውለዋል። ስልኩን ያነሳችው ሴት «ሰውየው ይተነፍሳል?» ስትላቸው በጆሮዬ ሰምቻለሁ፤ «ይተነፍሳል፣ ግን ወደ ውስጥ ብቻ!» አሏት።

አምቡላንስ እዚህ አገር ምን እንደሚያስከፍል ስለማውቅ ከመኪናው ወርጄ ለመንኳቸው። «ደህና ነኝ፤ አዎ እያልኩዎት ነው» አልኩ። «አዎ የምትለው እየታነቅህ ነው?» አሉኝ። መሀል መንገድ ላይ ቆሜ አንድ አሥር ጊዜ «እህ፣ እህ» እያልኩ አሳየኋቸው። የሌላው ሰው «አዎ» ከአፉ ይወጣል፤ የእኛዋ ተመልሳ ወደ ሆድ ትገባለች። ዕድሜዬን ሙሉ ስላት ኖሬ ይህን ያወቅሁት የዚያን ቀን ነው። አምቡላንሱ ቀረ። ሽማግሌውም ሲረጋጉ «በሰሜን ስዊድን እንዲሁ ትንፋሻቸውን ስበው አዎ የሚሉ ሰዎች አሉ» ብለው አጽናኑኝ። ዘመድ ተገኘልን ማለት ነው፤ ያውም በረዶ ውስጥ።

ከዚያ የድንቅነሽን ነገር ፈትተው አስረዱኝ። አንቺም ስሚ። ኅዳር 1967 ዓ.ም. አፋር፣ ሐዳር ላይ አጥንቷ ሲገኝ ፈረንጆቹ በድንኳናቸው ሉሲ የሚል ስም ያለበትን የቢትልሶችን ዘፈን እያጫወቱ ስለነበር «ሉሲ» አሏት፤ እኛ ድንቅነሽ አልናት። ናሳ ደግሞ ጥቅምት 6 ቀን 2014 ዓ.ም. ሉሲ የምትባል መንኮራኩር በጁፒተር መንገድ ላይ ፀሐይን ወደሚዞሩት አለቶች ላከ። እንደ ድንቅነሽ አጥንት እነዚያም አለቶች የጥንቱን ነገር ይናገራሉ ተብሎ ነው ስሙ። በመንገዷ ላይ ለመለማመጃ የምታያት አንዲት ትንሽ አለት ተገኘች። ስም የላትም፤ የሚያውቋት «1999 ቪዲ57» በሚል ቁጥር ነው። እሷንም ድንቅነሽ አሏት።

መንኮራኩሯ በሰከንድ አራት ኪሎ ሜትር ተኩል እየተፈተለከች፣ በ430 ኪሎ ሜትር ርቀት ስታልፍ ድንቅነሽ ሌላ ትንሽ አለት አስከትላ ተገኘች። ማንም አልጠበቀም። ትንሿ ራሷ ሁለት ሆና የተጣበቀች ናት። እሷን ደግሞ ዲኪካ ላይ በተገኘችው ሕፃን ስም «ሰላም» አሏት። እናትየው ዳር እስከ ዳር 800 ሜትር አትሞላም፤ ከልደታ እስከ ሜክሲኮ አትደርስም። ከናንተ ሰፈር ድንቅነሾች ግን በጸባይ ታንሳለች አልልም፤ ምንም ሳትናገር የፈረንጁን ሊቃውንት ሁሉ አስደንግጣለች።

ቀኑን ወደኛ ዘመን ስመልሰው ምን ሆነ መሰለሽ? ጥቅምት 21 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ የማርያም ዕለት! ሁለተኛዋን አለት፣ በድንቅነሽ አግኚ በዶናልድ ጆሃንሰን ስም የተጠራችውን፣ ያለፈቻት ደግሞ ዘንድሮ ሚያዝያ 12 ቀን ነው፤ እናንተ ዶሮውን ስትፈስኩበት። እኔ እዚህ በዓል ሳላከብር የምውልባቸው ዓመታት አሉ፤ መንኮራኩሯ ግን በዓል ትቆጥራለች።

እማዬ፣ ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወስድ አለኝ። ያቺ ድንጋይ እዚያ ጨለማ ውስጥ ቁጥር ብቻ ሆና ስትዞር ኖራ የኛን ስም አገኘች። እኔ ስሜን ይዤ መጥቼ ቁጥር ሆንኩ። ቀናሁባት ብልሽ ትስቂያለሽ? ደግሞ የምትዪውን ዐውቃለሁ፤ «ዋናዋ ድንቅነሽ እንኳ ሂውስተን ሄዳ፣ ስድስት ዓመት ገደማ ቆይታ በ2005 ዓ.ም. ተመልሳለች፤ አንተስ?» ትይኛለሽ። እሷ እኮ የቤት ኪራይ አልነበረባትም።

ከመውረዳቸው በፊት ሽማግሌው ስሟን በትክክል ልበል አሉ። «ቅ» ላይ ሲደርሱ ተያዙ። ጉሮሮ ውስጥ ጠጠር እንደሚሰብሩ ሆነው ይሞክሩ አልኳቸው። አንዴ ሳላቸው፣ ሁለቴ ሳላቸው፣ በሦስተኛው ዓይናቸው እንባ አቀረረ። አሁን ደግሞ 911 የምደውለው እኔ ልሆን ነው ብዬ ስልኬን ጨበጥኩ። በአራተኛው ግን ወጣላቸው፤ «ድን-ቅ-ነሽ!» ቀጥለው የእኔን ስም ጠየቁኝ። እሱንም አራት ጊዜ አሉት። ካልተስተካከለ አልወርድም ብለው ተቀመጡ፤ ቆጣሪው እየቆጠረ።

ሌላም ነገር ነገሩኝ። በ1969 ዓ.ም. ነሐሴ ወር ቮያጀር የሚባሉ ሁለት መንኮራኩሮች ሲላኩ በየጎናቸው የወርቅ ቅብ ሸክላ ታስሮላቸው ነበር፤ ማንም ፍጡር መንገድ ላይ ቢያገኛቸው የሰው ልጅን ሰላምታ በ55 ቋንቋ እንዲሰማ። አንዷ ዛሬ ከ24 ቢሊዮን ኪሎ ሜትር በላይ ርቃለች። ቤቴ ገብቼ ዝርዝሩን አየሁት። ሱመርኛ አለ፣ አካድኛ አለ፤ ተናጋሪዎቻቸው ካለቁ ስንት ሺህ ዓመት! ሉጋንዳ አለ፣ ሶቶ አለ። አማርኛ የለም። ግዕዝም የለም። ልደታ ፍርድ ቤት ቅርብሽ ነውና፣ ክስ የሚመሠረት ከሆነ እስቲ አንድ ጠበቃ አጠያይቂልኝ።

ኋላ ሳስበው ግን ሳይፈርዱብን አልቀሩም። ለአንዱ ቋንቋ የተሰጠው ጊዜ ጥቂት ሰከንድ ነው። አንቺ ማይክራፎኑን ብትይዢ «እንደምን ዋላችሁ፣ ደህና ናችሁ ወይ፣ ልጆች እንዴት ናቸው፣ ከብቱ፣ ዝናቡስ እንዴት ያዛችሁ» ስትዪ ሸክላው ያልቅና የሌላው ዓለም ሰላምታ መሬት ላይ ይቀራል። በጣም የገረመኝ የደቡብ ቻይና ሰዎች በሚናገሩት በአሞይ ሰላምታ ያቀረበችው ሴት ናት። የጠፈሩን ሰዎች ደህንነታቸውን ጠይቃ ስታበቃ በልታችሁ እንደሆነ ትጠይቃቸዋለች፤ ጊዜ ካላችሁም ብቅ በሉ ትላለች። እኔ ይህን የምትጠይቅ አንቺ ብቻ ትመስዪኝ ነበር።

ደብዳቤውን የጀመርኩት ጠዋት ነው፤ አሁን መሽቷል። ዛሬ ግንቦት ልደታ ስለሆነ ሥራ አልወጣሁም። ስንዴና ሽምብራውን ቀቅዬ፣ ንፍሮ በቤት ውስጥ አይበላም ብለሽ ስላሳደግሽኝ ሳህኔን ይዤ ከሕንጻው በታች ካለው ዛፍ ሥር ተቀመጥኩ። ብቻዬን። አላፊ አግዳሚው እንደ ፊልሙ ፍጡር ያየኛል። ከላይ ፎቅ የሚኖሩ አንዲት ቻይናዊት አሮጊት አሉ፤ ሁለት ዓመት አንገት በመነቅነቅ ብቻ ነው የምንተዋወቀው። የልጅ ልጃቸውን ይዘው ቆሙና በቋንቋቸው አንድ ነገር አሉኝ። «በልተሃል ወይ? ነው የምትልህ» አለችኝ ልጅቱ።

ሳላስበው «እህ» አልኩ፤ ወደ ውስጥ። አሮጊቷ ምንም አልደነገጡም። ራሳቸውን ነቀነቁና ጫማቸውን አውልቀው ሣሩ ላይ ተቀመጡ። ንፍሮውን በእፍኛቸው ዘገኑ፤ ትንሽ ጨው አነሰው መሰለኝ ፊታቸውን ቋጠር አደረጉ፤ ግን ጨረሱት። አንድ ቃል አልተነጋገርንም። ሲነሡ ልጅቱን ልከው ብርቱካን አመጡልኝ።

ለጎረቤቶች ሁሉ በያሉበት ሰላምታዬን አድርሽልኝ፤ ለሦስቱም ድንቅነሾች ለየብቻ። ያቺን ከዓረብ አገር የተመለሰችውን በልቤ መንታ አሳቅፌያት ነበርና ይቅር ትበለኝ። ለእህቴ፦ ፈተናሽ ሳይደርስ ፊልሙን ቀንሺ፤ ይህንን ዘልለሽ ካነበብሽው እማዬ ከፊትሽ ታውቀዋለች።

በጸሎትሽ አትርሺኝ። እግዚአብሔር በሰላም ያገናኘን።

ልጅሽ

ማስታወሻ፦ ሰውየው ሲመለስ ሻንጣው ባዶ ስለሆነ በርበሬ ላኪልኝ፤ የወረቀቱ ነገር ተጠናቆ፣ በደንብ ታሽጎ ይሁን። ኤርፖርት ላይ «ምግብ ይዘሃል?» ሲሉት «በልቻለሁ» እንዳይል አስጠንቅቂው። አዎ ሲልም ትንፋሹን ወደ ውጭ ያውጣ።